ግፊት

ሠላሳ አራት ዓመት ከነፋስ ፍሬን ጋር፣
ከቱቦ፣ ከዘይት፣ ከሸሚንደፈር፣
ስንቱን የታመቀ ግፊት ያስተነፈስኩ
የራሴን ሳላውቀው ስድሳ ሰባት ደረስኩ።

እግሬ አብጦ አደረ፤ ጫማዬ እምቢ አለኝ፤
ሁለት የነበረ ትራስ አራት አነሰኝ፤
ከዚራ ጥላ ሥር መንገድ ስሻገር
ሦስት ጊዜ ቆምኩኝ አየር ለመበደር።

ጆሮዬን አቅንቼ ሌላ ስም ልሰማ፣
"የልብ ድካም" አለች ሲስተር ነዒማ።
ልብ ይደክማል ለካ፤ እንደኔው ሠራተኛ፣
ጡረታ የሌለው፣ እሑድም የማይተኛ።

በካርቶኑ ጀርባ ቱቦ ሣለችልኝ፤
"አባባ፣ ይቺን ግን ያውቋታል" አለችኝ፤
"ቱቦው ሲጨማደድ ፓምፑ ይለፋል፤
ይህ ኤናላፕሪል መንገድ ያሰፋል፤
በትንሹ እንጀምር፤ ሰውነት ሲለምድ
ደምዎ እየታየ ነው ሽቅብ የምንሄድ።"

ምስር የምታክል፣ ሽታ እንኳን የሌላት፣
የፊተኛዋን ለት ልተኛ ስል ዋጥኳት።
ሌሊት ብድግ ስል ቤቱ ተንቀሳቀሰ፤
ግድግዳው ወደኔ መጥቶ ፈረሰ።
አስካለ ብብቴን ይዛ እየደገፈች፣
"ባቡር እንኳ ሲነሳ ይጮሃል!" አለች።
ከዚያ ወዲህ ስነሳ ካልጋው ጫፍ ቁጭ እላለሁ፤
እግሬን አወዛውዤ፣ እስከ ሃያ ቆጥሬ፣
ፊሽካዬን ነፍቼ እነሳለሁ።

በወሩ ሳል መጣ፤ ደረቅ፣ አክታ የሌለው፣
እንደ ዛገ ሽቦ ጉሮሮ የሚፍቀው፤
ማንንም ሳልጠይቅ፣ በገዛ ሥልጣኔ፣
ኪኒኗን አቆምኩ፤ ሐኪሙ ሆንኩ እኔ።
አራት ቀን ጀገንኩኝ። ባምስተኛው ማታ
ጫማዬ እምቢ አለ፤ ትንፋሼም ተረታ።

"ሳሉ ከኪኒኑ ነው፤ ሌላ ዓይነት አለ፣
ሳል የማያመጣ። ግን ሰው ዝም ካለ
በምን አውቃለሁኝ?" ሲስተር ተቆጣች፤
ሐኪሙ ሲቀይር ቆማ ጠበቀች።
"በዚህኛውም ቢሆን ከንፈር ምላስ ቢያብጡ
ለነገ አይባልም፤ ባጃጅ ይዘው ይምጡ።"

ግንቦት ነው። ድሬ ጋመች። ተቅማጥ አጣደፈኝ፤
ውስጤ እንደ ደቻቱ አሸዋ ብቻ ቀረኝ።
ያኔስ አልጀገንኩም፤ ስልክ ደወልኩላት።
"ዛሬ ያቆይዋት፤ እስኪሻል አይዋጧት፤
ነገ ለደም ይምጡ፣ ኩላሊትዎ ይታይ።"

ማቆምም ለካ ሁለት ነው፤
አንዱ ፍሬን፣ አንዱ መገልበጥ።

ትናንት ማታ ሮብሌ፣ ጎማ ጠጋኙ ጎረቤት፣
(ባለፈው ለጉልበቴ ዲክሎፌናክ አምጥቶ
"ለኩላሊቴ ጠላት ነው" ብዬ የመለስኩት)
በሬን ደበደበ። "ያ የተውከው ኪኒን የት ነው?
ሆዳን ግፊት ይዟታል፤ ራሷን ይፈልጣታል፤
ያው አንድ አይደለም ወይ ያንተና የሷ ስም?"

ሆዳን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

አስካለ ካርቶኑን ከቁም ሣጥን አወጣች።
ሮብሌ እጁን ዘረጋ።
እኔ፣ ቀስ ብሎ መነሳትን በስተርጅና የተማርኩት፣
ያለ ፊሽካ ተነሳሁ።
ቤቱ ዞረ፤ ይዙር። ካርቶኑን ነጠቅኩ።
"ይሄ ለፅንስ አይሆንም! ልጁን ይጎዳዋል!
ኪኒን አትለምን፣ ባጃጅ ጥራ!"

ድል ጮራ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ከሌሊቱ ስድስት፤
የሮብሌ ነጠላ ጫማ አንዱ የሱ፣ አንዱ የሚስቱ።
ሆዳንን አስገቧት።
የማታዋን ኪኒኔን ከደረት ኪሴ አውጥቼ
በጥበቃው ጆግ ውኃ ዋጥኳት፤ ሰዓቷ አልፎ ነበር።

ከመጋረጃው ወዲያ መሣሪያው
የፅንሱን ልብ አሰማ።
ችኩል ነበር፤ ሐዲድ የሚበላ ችኩል።
"ምን ያጣድፈዋል?" አለኝ ሮብሌ ደንግጦ።
"ገና አዲስ ነው" አልኩት፤
"ፍሬኑን አልለመደም።"